ባንኩን ዋስ ያስጠራችው አክስቴ

በአሶሳ ከተማ ባንክ ተሟግቶ ያሸነፈ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ለጉራም ነው። በሠርግ ድንኳን አውርቼዋለሁ፤ በቢሮ የሻይ ሰዓት አውርቼዋለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣብቄ በተቀመጥሁ ቁጥርም አውርቼዋለሁ። ባንኩ በእኔ አፍ ውስጥ ከወር ወር እየገዘፈ ሄዶ አሁን ከህዳሴ ግድብ የሚያንሰው በጥቂት ክንድ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ሉባባ ሞተች። ለቅሶ ድንኳኗ ውስጥ ሰዉ ትንሽ ይተንፍስ ብዬ ይህንኑ ወሬ ጀመርሁ። "ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በቡጢ ደለቅሁና…" ከማለቴ ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ብድግ አለ። የባንኩ ዘበኛ አጣሂር ነው። አጣሂር የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። አማርኛን እንደሚመቸው አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ወንድና ሴት አይለይም፤ እውነትና ውሸት ግን ይለያል።

"አንተ አልደለቀም" አለኝ ፊት ለፊት። "አንተ የሐቦባ ጃንጥላ ያዘ። የደለቀው ሐቦባ ነው።"

ሐቦባ በእነሱ ዘንድ አያት ማለት ነው፤ አክስቴን እንዲያ ነበር የሚጠራት። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ሰዉ የት እንደተቀመጠ ትዝ አለውና ጸጥ አለ። እኔም ጃንጥላ መያዜን አልካድሁም። እሱንም ቢሆን በደንብ አልያዝሁትም፤ ግራ ትከሻዋ በስብሶ ነበር።

ስለዚህ ስላሸነፈችው ሴት ላውራችሁ። ማሸነፍ ከተባለ።

አክስቴ ሉባባ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ነበረች። እንደምታውቁት የእኛ የሰፋሪዎቹ መንደሮች በቁጥር ነው የሚጠሩት። "ሰው አገሩን በስም ይጠራል፤ እኛ እንደ እስረኛ በቁጥር" ትል ነበር። ታናሽ እህቷ ሽታዬ ግን አልመጣችም። የሰፈራው መኪና ሊጭናቸው መንደራቸው ሲደርስ ሽታዬ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ነበር። "አሁን ትደርሳለች፣ አሁን ትደርሳለች ስል መኪናው ተነሣ" ትላለች አክስቴ። እኔ ሳልጨምርበት የማወራው ታሪክ ይህ ብቻ ነው። የሚጨመርበት ቦታ የለውም።

አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ሁለቱ እህትማማቾች ዓይን ለዓይን አልተያዩም። መጀመሪያ መሳፈሪያ ጠፋ። ከዚያ ልጅ ማሳደግ መጣ፣ ከዚያ ባሏ ታሞ ሞተ። እሷ ልትነሣ ስትል አንድ ዓመት ወሎ ጦርነት ይሆናል፣ አንድ ዓመት የእኛ መንገድ ይዘጋል። ሞባይል ከገባ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደዋወላሉ። ሁለቱም ስልክ የሚሠራው በጩኸት ይመስላቸዋል። አክስቴ ስትደውል የጎረቤት ዶሮዎች ቆጥ ላይ ይወጡ ነበር። ሽታዬ ስልኩን ስታነሣ ሰላምታዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ውኃውን ቀድቼ መጣሁ እኮ! የት ሄድሽብኝ?" ከዚያ ሁለቱም እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እኔ ቀልድ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ግን ፈጥሬ አላውቅም፤ አልፈልግምም።

አክስቴ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም ነበር። ቁም ነገር ልትናገር ስትል የላስቲክ ጫማዋን ታወልቃለች። "እግሬ መሬት ካልነካ ምላሴ ይቀላል" ትላለች። ስለዚህ እኛ ዘመዶቿ ወሬዋን የምንለካው በእግሯ ነው፦ ጫማ ካላት ቀልድ ነው፣ ባዶ እግሯን ከሆነች ግን ሰብሰብ ብለን እንቀመጣለን።

ኑሮዋ ከማንጎ ነበር። ነጩ ተባይ አገሩን ሳይወርረው በፊት የእሷ ግቢ ማንጎ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ብነግራችሁ ታጋነናለህ ትሉኛላችሁ፤ ብቻ ንቦች አበባ ትተው ነበር። ማንጎውን ሸጣ ገንዘቡን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ሣጥኑን ምስጥ በላው። ገንዘቡንም ደገመው። አሶሳ የኖረ ሰው ምስጣችንን ያውቀዋል። እኔ አንድ ቀን ቢሮዬ ወንበር ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ወንበሩ አልነበረም።

"ማንጎዬን ምስጥ በላብኝ፤ ባንክ ውሰደኝ" አለችኝ። ወሰድኋት።

በዚያን ጊዜ እዚያ ባንክ ከወለድ ነፃ የሚባለው መስኮት ገና አልተከፈተም። አክስቴ ደግሞ መስኮቱ ጋ ገና ሳትደርስ "ወለድ እንዳታስገቡብኝ!" ብላ ጀመረች። ሐራም ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ራሱን አከከ፤ ጓደኛውን ጠየቀ፤ ኮምፒውተሩን አየ።

"እማማ፣ ወለድ የሌለው ያለን የነጋዴ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ብቻ ነው" አላት።

"እኔስ? ማንጎ አይደል የምነግደው?"

"እሱን ላድርግልዎት?"

"እሱን አድርግልኝ። አላህ ይባርክህ።"

ጣቷን ነክራ አሳረፈች። ያ ሂሳብ ወለድ እንደማይሰጥ ተነገራት። በየወሩ እንደሚቆርጥ የነገራት የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ እኔም ነጋዴ አክስት አለችኝ ብዬ ስቀልድ ወጣሁ። ለዓመታት ማንጎ በደረሰ ቁጥር እየሄደች አስቀመጠች። በኋላ ነጩ ተባይ መጣና ዛፎቹ ደረቁ። ማስቀመጥ አቆመች፤ ማውጣት ግን አታስበውም። "የሽታዬ ነው" ትላለች። ለሽታዬ መሄጃ ማለቷ ነው።

ካቻምና በክረምቱ መግቢያ የሽታዬ ልጅ ከወሎ ደወለ። "እናቴን ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። አንቺን እየጠራች ነው" አለ። አክስቴ ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አወለቀች።

"እሄዳለሁ" አለች።

የመኪናው መንገድ ከባምባሲ ወዲያ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የቀረው አውሮፕላን ነው። የአውሮፕላኑን ዋጋ አጠያየቅሁ፤ ከአዲስ አበባ ወሎ የአውቶቡሱንም ደመርሁ። እንደ ስሌታችን በባንክ ያላት ገንዘብ አድርሶ ይመልሳታል፤ ለሽታዬ ልብስም ይተርፋል።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሩን አይታ አንድ ቁጥር ተናገረች። ካሰብነው ግማሽ አይሞላም።

"ሌላውስ?" አለች አክስቴ።

"ሌላ የለም እማማ። የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ በየወሩ ይቆረጣል።"

"ምን አገልግሎት አገለገላችሁኝ?"

"ሂሳቡ ስላለ ነው።"

"ስላለ?"

"አዎ። ስላለ።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምስጡ ተከትሎኝ ገባ እንዴ?" አለችኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ሴራሚኩ ላይ ቆመች። በር ላይ የነበረው አጣሂር ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያያት።

"ልጄ" አለቻት ገንዘብ ከፋይዋን፣ ሳትቆጣ፣ "እኔ ወለድ አልፈልግም አልሁ እንጂ ብሉልኝ አልሁ?"

ልጅቱ ደንብ ብቻ ነበራት።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ "ቀስ ብሎ የሚሰርቅ ሌባ ከቤተሰብ ይቆጠራል።" ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረን።

ያን ዕለት ማመልከቻ ጻፍሁ። የእኔ ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል። "ምስኪን አዛውንት" የምትለዋን ቃል አሥር ቦታ ሰክቼባታለሁ። የባንኩ መልስ አንድ መስመር ነበር፦ የተቆረጠው በደንቡ መሠረት ስለሆነ አይመለስም። እኔ እዚህ ላይ ተሸነፍሁ። በዚህ ጊዜ ተሸንፌ እንደነበር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አልናገርም።

"አክስቴ፣ ባንክ ነው፤ ከባንክ ጋር አይገጠምም" አልኋት። "የጎደለውን ከቢሮ ሰው ተበድሬ እሞላልሻለሁ። አንቺ ሂጂ።"

"የእኔ ገንዘብ እዚያ ታስሮ ተቀምጦ እኔ በብድር ልሂድ?"

"እና ምን ይሁን?"

"ሽታዬ በምን መጣሽ ብትለኝ፣ በወንድሜ ልጅ ዕዳ ልበላት? አይሆንም። ሽማግሌ እልካለሁ።"

"ለማን?"

"ለባንኩ።"

"አክስቴ፣ ለባንክ ሽማግሌ አይላክም!"

"ሚስት የጠለፈ እንኳ ሽማግሌ ይላክበታል" አለችኝ። "ባንክ ከዚያ ይብሳል?"

ሦስት ሽማግሌዎች ከመንደር መጡ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። እኔ ለአክስቴ ጃንጥላ ይዤ ተከተልሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ሰይድ በሩ ላይ ዘንጋቸውን አቁመው አዩኝና "ዋዛ የሚወድ ሰው ሽምግልና መሃል አይቀመጥም፤ አንተ እዚህ ቁም" አሉኝ። ከአጣሂር ጎን ቆምሁ። እንግዲህ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ከደጃፉ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት አዛውንቶች ሲገቡ ገንዘብ ሊያስቀምጡ መስሎት ደስ አለው፤ ወንበር አስመጣ፤ ሻይ አዘዘ። አያ ሰይድ ሻዩን በእጃቸው መለሱት።

"ሻዩ ከዕርቅ በኋላ ይደርሳል። ከሳሽ ቀርባለች። ተከሳሽ የታለ?"

"ተከሳሽ ማን ነው አባቴ?"

"ባንኩ።"

ልጁ ሳቅ አለና የአክስቴን እግር አየ። ጫማ የለም። ሳቁን ሰበሰበ። "አባቴ፣ ባንክ ሰው አይደለም። ተቋም ነው። አይቀርብም።"

ይኼኔ ነው አክስቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ የደለቀችው። ማኅተሙ ተንከባልሎ ወደቀ።

"ሰው ካልሆነ በምን አፉ በላኝ?"

ከውጭ ያለው ሰልፈኛ በመስተዋቱ ተለጠፈ። ሥራ አስኪያጁ ላብ ላብ አለው። ውሳኔው የእሱ እንዳልሆነ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ እንደሆነ አስረዳ። አያ ሰይድ ሲያዳምጡ ቆይተው "አንቱ እንግዲያ ምኑ ነዎት?" አሉ።

"እኔ… ያው ተወካይ ልባል እችላለሁ።"

"ይበቃል። ወኪል ከሆኑ ዋስ ይጥሩ።"

"የምን ዋስ?"

"ነገሩን ከበላዮችዎ አድርሰው፣ መልሱን ለዚች ሴት እስኪያመጡ ድረስ ላለመሸሽዎ ዋስ። ወጋችን ነው፤ ያለ ዋስ ከዚህ አንነሣም።"

ልጁ ጣራውን አየ፤ መስኮቱን አየ። "አባቴ፣ እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ?" አለ። ይህን ሲል ቀልድ አልነበረውም። ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው። ከዚያ ዓይኑ በር ላይ ሲደርስ ፈገግ አለና "ያው አጣሂር አለ። አጣሂር፣ ና ዋስ ሁነኝ!" አለ። እንደ ጨዋታ ነበር።

አጣሂር ኮፍያውን አወለቀ። ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። አሁን ጃንጥላም ዱላም ይዣለሁ። ገብቶ ከሥራ አስኪያጁ ጎን ቆመ።

"ሙዲር" አለው፤ አለቃ ማለቱ ነው፤ "ዋስ ጨዋታ አይደለም። አውቀህ ነው?"

"እሺ፣ አውቄ ነው።"

"ወላሂ፣ እኔ ዋስ ነው። ሙዲር ቢሸሽ እኔ ይያዝ።"

አያ ሰይድ ዱዓ አደረጉ። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሜን አለ። ሥራ አስኪያጁም ሳያስበው አሜን አለ። ያች አሜን ስንት ኪሎ እንዳከሳችው ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጣሂር ሥራ አስኪያጁን እንደ ጥላው ያዘው። ጠዋት በሩን ሲከፍትለት "ሙዲር፣ ጻፈ?" ይለዋል። ምሳ ሲወጣ "ሙዲር፣ አዲስ አበባ ምን አለ?" ይለዋል። ማታ ሲዘጋ "ሙዲር፣ አንተ ይተኛል። እኔ አይተኛም፤ ዋስ ነው" ይለዋል። ሥራ አስኪያጁ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እስኪበሳ ድረስ ከሳ። ጻፈ። ደወለ። ደግሞ ጻፈ።

መልሱ ሲመጣ እኔ ደስታዬን መያዝ አልቻልሁም። ዋናው መሥሪያ ቤት የተቆረጠውን አልመልስም አለ፤ ግን ሂሳቡ ከመጀመሪያው በስሕተት ስለተከፈተ ወደ ቁጠባ ተዛውሮ የነዚያ ዓመታት ሁሉ ወለድ ይታሰብላት፣ ዛሬውኑ ታውጣ አለ። ወለዱ ብቻውን የአውሮፕላኑን ከፍሎ ያልፋል። ባጃጅ ይዤ መንደር በረርሁ። አክስቴ ስልክ ላይ ነበረች። ከማዶ የሽታዬ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ድሮው ባይሆንም እየጮኸ ነው።

"ተነሣሽ?"

"እየተነሣሁ ነው!"

"በሰማይ ነው አሉ የምትመጪው! አትፈሪም?"

"አንቺን ትቶ ከሄደው መኪና የከፋ አይሆንም!"

ስትጨርስ ነገርኋት። ከልቤ እየሳቅሁ ነገርኋት። እሷ ጫማዋን አወለቀች። ያን ጊዜ ሳቄን ዋጥሁት።

"ወለድ ነው?"

"አክስቴ፣ ስሙን ካሳ እንበለው።"

"አንተ ስሙን ብትለውጠው እሱ ይለወጣል?"

"ሽታዬ እየጠበቀችሽ ነው እኮ!"

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። እኔ በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲታመም አላየሁም፤ ቁስሉ የማይታይ በሽታ ነው። በመጨረሻ "የበሉትን ይመልሱልኝ። ያልሰጠኋቸውን አልወስድም" አለች። ይህንን ወስጄ ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አጣሂር ግን በሩ ላይ ሆኖ "ሐቦባ ልክ ነው። ሪባ አይበላም" አለ፤ ወለድ ማለቱ ነው። "ሙዲር፣ እንደገና ጻፍ።"

የሚገርመው፣ ልጁ እንደገና ጻፈ። አሁን በዋስ ተገዶ አልነበረም። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ካርድ አዲስ አበባ እየደወለ "እባካችሁ፣ አንዲት እናት አለችኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽታዬ በየጁምዓው ትጠይቃለች፤ አክስቴ "እየተነሣሁ ነው" ትላለች። ድምፁ ከማዶ በየሳምንቱ እየቀጠነ መጣ። እኔ ብድሩን እንደገና አነሣሁባት። እንደገና እምቢ አለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። የተቆረጠው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ባንኩ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። ያች "ስላለ" ያለቻት ልጅ ከመስተዋቱ ጀርባ ወጥታ አክስቴን ሳመቻት። ሥራ አስኪያጁ እስከ በር ሸኛት። አጣሂር ዱላውን እንደ ዘንግ ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከፊቷ ሄደ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ከኋላ፤ ዝናብም አልነበረም። በዚያው ትኬት ቆረጥን፤ ለእሑድ።

በማግሥቱ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጣ ለሽታዬ የገዛችውን ቀሚስ እያጣጠፈች ስልኳ ጠራ። የሽታዬ ቁጥር ነው። አነሣችና "እሑድ!" ብላ ጮኸች። ከማዶ የጮኸ የለም። የልጁ ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ። ከዚያ ስልክ ዝግ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። እሱ ሳይጨርስ ገባት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቁጭ ብላ ቀረች።

"ሄደሽ መቃብሯን እይ" አልናት ሁላችንም።

"መቃብር አይቸኩልም" አለች።

በዚያ ገንዘብ ለሽታዬ ሰደቃ አወጣች። ባንኩንም ጠራችው። ሥራ አስኪያጁ የግቢው በር ላይ ደርሶ መግባት ፈርቶ ቆሞ ነበር። ሄዳ እጁን ይዛ አስገባችው፤ አጠገቧ አስቀምጣ አጎረሰችው። "ብላ ልጄ። አንተ ለፍተሃል" አለችው። አጎንብሶ አኘከ፤ ቀና አላለም።

ሰዉ በልቶ ሲጨርስ አክስቴ አያ ሰይድን ወደ መሃል ጠራቻቸው። ጫማዋን አወለቀች። አጣሂርንም አስነሣችው። ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ሲያልቅ በሽማግሌ ፊት ካልተለቀቀ እንደታሰረ ነው የሚቆጠረው፤ እሷ ደግሞ ሰው አስራ አታሳድርም።

"አጣሂር፣ ዋስነትህን አውርጄልሃለሁ። ከእኔም ከአላህም ነፃ ነህ" አለችው።

አጣሂር አልተቀመጠም። "ሐቦባ" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ፤ "እኔ ዘገየ።"

"አንተ አልዘገየህም። ያመጣኸው ሙሉ ነው።"

"ሙሉ ነው። ግን ዘገየ። እህት ሞተ።"

ያ ግዙፍ ሰውዬ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ ለሁሉ ነገር ቀልድ አለኝ። ያን ቀን ኪሴን ብፈትሽ ምንም አልነበረኝም።

ከወራት በኋላ ከደረቁት ማንጎዎች ሥር ብቻችንን ተቀምጠን ስናወራ አላስችል አለኝና ጠየቅኋት። "አክስቴ፣ ያን ወለድ ወስደሽ ብትሄጂ ኖሮ በሕይወት ታገኚያት ነበር። ወይም ብድሬን ብትቀበይ። አይቆጭሽም?"

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ወይም ተረት። ወይም የአላህ ሥራ ነው የምትል ማስተዛዘኛ።

"ይቆጨኛል" አለችኝ። "እንዴት አይቆጨኝ? ሌሊት ሌሊት እያነሣሁት እበላዋለሁ፣ እሱን ወለድ። በልቼው ሄጄ፣ ሽታዬን አቅፌ፣ ሁሉን አድርጌ እነቃለሁ።" ከዚያ "ነገ ደግሞ እንዲያው ቢሆን እንዲያው ነው የማደርገው። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ እያነሰች ሄደች። ጁምዓ ሲደርስ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። አትደውልም፤ ማንም አይደውልላትም። ሰዓቱ ሲያልፍ ትነሣና ሥራዋን ትይዛለች። አንድ ጊዜ እኔ ልደውልላትና "ወዬ" እንድትል አሰብሁ፤ ቁጥሯን አውጥቼ ተውሁት። የእኔ ድምፅ ምን ያደርግላታል?

ባለፈው ሐምሌ በእንቅልፏ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ተዛውሮ ነበር፤ በሌሊት መኪና እየቀያየረ ሊደርስ ሞከረ፤ መንገዱ አላሳለፈውም። አጣሂር መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ ነው። አፈሩን ሲያለብሷት የቀብሩ ሰው ሁሉ ሳይነጋገር ጫማውን አውልቆ ቆሞ ነበር፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም።

እኔ ሃምሳ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት የቀረኝ፣ በቢሮዬ የምፈራ፣ በድንኳን የምደመጥ ሰው ነኝ። ደመወዜ የሚገባው እዚያው ባንክ ነው። ከእኔም ሂሳብ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከቀብሯ ወዲህ ልጠይቅ ብዬ ሄጃለሁ፤ ተሰልፌያለሁ፤ ተራዬም ደርሷል። "ምን ልታዘዝ?" ትለኛለች ልጅቱ። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። "ቀሪ ሂሳቤን ብቻ ንገሪኝ" እላታለሁ። ትነግረኛለች። አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ።

እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። እፈራቸዋለሁ።